«ወንድሜ ውሃ ሲያይ ይጮኻል፤ ሐኪሙ ግን ባሕሪው ነው አለን»

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ነው። እኔ፣ እናቴና ታላቅ ወንድሜ። ወንድሜን አቡሽ ነው የምንለው። 29 ዓመቱ ነው። ሕፃን ሳለ ማጅራት ገትር ይዞት ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ በኋላ የአእምሮ እድገቱ እንደ እኩዮቹ አልሆነም። ስሙን አይጽፍም፣ አጭር አጭር ነው የሚያወራው። ሰፈሩ ግን በሙሉ ያውቀዋል፣ ይወደዋልም። ጠዋት ጠዋት ለእማዬ ውሃ በጀሪካን ይቀዳ ነበር። ከዚያ ቀፊራ ገበያ ወርዶ ለአክስቴ ዕቃ ይሸከምላታል።

ባለፈው ነሐሴ ከገበያ ሲመለስ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ እያለ ጎርፍ መጣ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልጣለም፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ነበር። አንድ ሰው እጁን ይዞ ጎትቶ አወጣው አሉ። ጭነት የተሸከመች አህያ ዓይኑ እያየ ጎርፉ ወሰዳት። በግርግሩ ጠፋብን። ይህ የሆነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚራ በኩል አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሸሚዙን አልለበሰም። እግሩ ከመጫጫሩ በቀር ደህና ስለነበር ተመስገን ብለን ወደ ቤት ገባን።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ጀመረ። ገላዬን አልታጠብም አለ። ውሃ ሳፋ ውስጥ ሲንቆረቆር ከሰማ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል። ጀሪካን አይነካም። ደመና ካየ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ይሰቅላል። ሌሊት ባንኖ ይነሳል፣ በዚህ ዕድሜው ፍራሹን ያረጥባል። የሚገርመው ደግሞ፣ ውሃ የሚፈራው ልጅ አንዳንድ ቀን ባልዲ ሙሉ ውሃ ግቢው ላይ ይደፋና የሁላችንንም ጫማ ይወረውርበታል። «ሄደች! ሄደች!» ይላል። እማዬ ነገረኛ ሆነ እያለች ትቆጣዋለች። በቀደም ልታጥበው ሸሚዙን ልታወልቅለት ስትል ገፈተራት። ክንዷ አብጦ ሰነበተ።

ሐኪም ጋ ወሰድነው። «ትፈራለህ?» አለው። «አዎ።» «እንቅልፍ ትተኛለህ?» «አዎ።» «አሁን ደህና ነህ?» «አዎ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ላይ ያለ ባሕሪ ነው» አለና የሚያረጋጋ ክኒን አዘዘለት። ክኒኑ ያስተኛዋል፤ ቀን ግን ለሃጩን እያዝረበረበ ፈዞ ይውላል።

እማዬ ጸበል ልታስገባው ነው። ለቁልቢ ገብርኤልም ተስላለች። እኔ ጎርፉ ነው እላለሁ። እሷ ግን «የጎርፍ ነገር በዚህ ቤት አይነሳ» ትላለች። በ1998ቱ ጎርፍ ታናሽ እህቷን አጥታለች።

በራዲዮ ስለ ድህረ አደጋ ጭንቀት ሲወራ ሰማሁ። እንደ አቡሽ ያለ ሰው ይይዘዋል? የሆነውን መናገር ካልቻለስ እንዴት ይታወቃል? ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ፈርቻለሁ።

ግራ የገባኝ እህት፣ ከድሬዳዋ

—

ውድ እህቴ፣

የመጀመሪያ ጥያቄሽን ሳላንዛዛ ልመልስ። አዎ፣ ይይዘዋል። ለመደንገጥና ያዩትን ላለመርሳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። እንዲያውም የሆነውን ለራሱ ማስረዳት ለሚከብደው፣ «አለቀ፣ ተርፌያለሁ» ብሎ ራሱን ማጽናናት ለማይችል ሰው፣ እንዲህ ያለ ድንጋጤ ይበልጥ ሊከብድ ይችላል። በደብዳቤ ብቻ ሕመሙ ይህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። የጻፍሽው ግን በደንብ መመርመር ያለበት ነገር ነው። አምስት ደቂቃ ጠይቆ የሚታለፍ አይደለም።

«ባሕሪው ነው» የሚለው ቃል አሳዝኖኛል። ግን እንግዳ አልሆነብኝም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ብርቱ ፍርሃት ስላለበት ሰው የተጻፈ አንድ ዓይነት ታሪክ ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተሰጠ። ለአንዳንዶቹ ሰውየው የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት ተነገራቸው፣ ለሌሎቹ አልተነገራቸውም። ውስንነቱ የተነገራቸው ያንኑ ፍርሃት እንደ ሕመም የማየት ዝንባሌያቸው ቀነሰ። ውስንነቱ ሌላውን ሁሉ ጋረደባቸው ማለት ነው። አቡሽም ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። ሐኪሙ ክፉ ሰው ነው አልልም። ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቀሽም፤ «ድሮስ እንዴት ነበር?» የሚለውን።

መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ስንት ዓመት ውሃ ሲቀዳ የኖረ ሰው ከነሐሴ ወዲህ ጀሪካን አልነካም አለ። ባሕሪ ቢሆን ኖሮ ከነሐሴ በፊትም በታየ ነበር። ይህ ለውጥ የጀመረበት ቀን አለው። ከሁሉም በላይ ሐኪሙ ጆሮ መድረስ ያለበት እሱ ነው።

ባለሙያዎች ድህረ አደጋ ጭንቀትን ሲመረምሩ በዋናነት ሦስት ነገር ይፈልጋሉ። ሰውየው ያንን አደጋ አሁን እየሆነ ያለ ያህል ዳግም ይኖረዋል ወይ? አደጋውን የሚያስታውሰውን ነገር ይሸሻል ወይ? ዛሬም አደጋ ላይ እንዳለ ሆኖ ዘወትር ይጠነቀቃል ወይ? ይህ ሁሉ ደግሞ ለቀናት ሳይሆን ለሳምንታትና ለወራት የቆየ፣ ኑሮውንም ያወከ መሆን አለበት። ሌላ ሰው «በሕልሜ ይመጣብኛል» ብሎ ይናገራል። ቋንቋው አጭር የሆነ ሰው ግን በሰውነቱና በድርጊቱ ነው የሚናገረው። ጀሪካኑን መሸሹ፣ ደመና ሲያይ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ መስቀሉ፣ ሌሊት መባነኑ ከሦስቱ ጋር አይገጥሙም ትያለሽ?

ስለ ባልዲው ነገር ትንሽ ልቆይ። አንቺን ያስገረመሽ፣ እናትሽን ያናደደው ነገር እኔን ከሁሉም በላይ አስቆሞኛል። ውሃ ይደፋል፣ ጫማ ይወረውርበታል፣ «ሄደች» ይላል። ማን ናት የሄደችው? አህያዋ ትመስለኛለች። ሕፃናት ያስደነገጣቸውን ነገር ደጋግመው በጨዋታ እንደሚያሳዩ ይታወቃል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው አዋቂዎች ላይም ያዩትን በድርጊት መልሶ ማሳየት እንደሚታይ ባለሙያዎች ጽፈዋል። ስለዚህ በጥባጭነት ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም። ዘጠኝ ወር ሙሉ «ያየሁት ይህን ነው» እያላችሁ ይሆናል። ሲያደርገው አትቆጡት፣ አታስቁሙትም። አጠገቡ ቆመሽ «አዎ፣ አህያዋ ሄደች። አቡሽ ግን እዚህ አለ» በይው። ፊቱ ምን እንደሚሆን አስተውይና ጻፊው።

ስለ ሐኪሙ አጠያየቅ ደግሞ ይህን ልበልሽ። ብዙዎቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን «እሺ» እና «አዎ» ሲሉ ነው ሰው የሚደሰትባቸው። ጥያቄው ካልገባቸው ወይም ጠያቂው ከከበዳቸው «አዎ» ይላሉ። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጥናት የታየ ነገር ነው። ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ ሲጠየቁ ለሁለቱም «አዎ» የሚሉ ብዙ ነበሩ። አቡሽም «ትፈራለህ» ሲባል አዎ፣ «ደህና ነህ» ሲባልም አዎ ብሏል። ስለዚህ ያ ምርመራ የነገረን ነገር የለም። ይልቅ ምርጫ ይሰጠው። «ሌሊት ትተኛለህ ወይስ ትነሳለህ?» ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጠየቅ። የደስተኛና የፈራ ሰው ፊት ስሎ «አንተ የቱን ነህ?» ማለት። ጥያቄው «ባለፈው ወር ስንት ጊዜ» ከሚሆን ከሚያውቀው ነገር ጋር ይያያዝ፤ ከቁርስ በፊት፣ አክስቴ ጋ ስትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን በሄድን ቀን።

እንግሊዝ አገር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ መጠይቅ አለ፤ የላንካስተርና ኖርዝጌት የሚባለው። ሁለት ክፍል ነው። አንዱን ሰውየው ራሱ ይመልሳል፣ ሌላውን አብሮት የሚኖር ሰው ይሞላዋል። መጠይቁ ራሱ ባይኖርሽም ሐሳቡን ያዥው። አንቺ፣ እናትሽና አክስትሽ የምርመራው ግማሽ ናችሁ። የድሮውን አቡሽ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። በአንድ ገጽ ላይ ከነሐሴ በፊት የነበረውን ጻፊ። ሲነሳ ምን ያደርግ ነበር፣ ምን ይበላ ነበር፣ ማን ጋ ይሄድ ነበር፣ እንዴት ይታጠብ ነበር። በሌላው ገጽ የአሁኑን። ከዚያ በየቀኑ ሲጮህ ወይም ሲገፈትር፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ደቂቃ ብቻ መዝግቢ። ምን ድምፅ ተሰማ? ማን ገባ? ማን ነካው? ረጅም አይሁን፣ አንድ ሁለት መስመር ይበቃል። አክስትሽም ቀፊራ ላይ ያየችውን ትንገርሽ፤ እሷ የምታውቀው አቡሽ እናንተ ከምታውቁት ሊለይ ይችላል።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሁሉንም ነገር በጎርፉ እንዳናሳብብ ይጠብቀናል። ፍራሽ ማርጠቡ የጀመረው ከክኒኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከባድ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ራሱ ይህን ሊያደርግ ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ስኳርም ሊሆን ይችላል። ጆሮውን የሚይዘው ድምፁ አስደንግጦት ነው ወይስ ጆሮው ያመዋል? ማጅራት ገትር የመስማት ችሎታን ሊጎዳ፣ ከዓመታት በኋላም የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሌሊት ሲነሳ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል? ሲነቃ ያውቅሻል? ጥርሱንም ይታይ። ሕመሙን መናገር የማይችል ሰው በጥርስ ሕመም ብቻ ቤቱን ሊያምስ ይችላል።

አሁን አንድ የሚከብድ ነገር ላንሳ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አቡሽ የት ነበር? ሸሚዙስ? ጎርፉ ወስዶት፣ ወይም ረጥቦ አውልቆት ሊሆን ይችላል፤ ደጉ ግምት ይህ ነው። ነገር ግን እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ለድብደባና ለጥቃት ከሌላው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። እናትሽንም የገፈተራት ሸሚዙን ልታወልቅ ስትል ነው። ውሃው ሊሆን ይችላል፣ ማውለቁም ሊሆን ይችላል። ውሃ በሌለበት፣ ማታ ልብስ ሲቀይር ምን ይሆናል? የሚሸሸው ሰው አለ? እባክሽ ደጋግመሽ አትጠይቂው፣ መልስም አፉ ላይ አታድርጊለት። «ማን መታህ?» ካልሽው «አዎ፣ እንትና» ሊል ይችላል፤ እውነቱም በዚያው ይጠፋል። የምታዪውን ብቻ መዝግበሽ እሱ በሌለበት ለሐኪሙ ንገሪው።

የት ትሂዱ? ድል ጮራ ሆስፒታል የሳይካትሪ አገልግሎት አለ። እዚያ ካልተሳካላችሁ ሐረር ሕይወት ፋና አለ። ስትገቢ «ይረብሸናል» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ በይ፦ «እስከ ነሐሴ ድረስ ውሃ የሚቀዳ፣ ገበያ የሚሄድ ሰው ነበር። ከጎርፉ በኋላ ተለወጠ። ይኸው ጽፌዋለሁ።» የጠዋት ቀጠሮ ጠይቂ፤ ሕዝብ በተጨናነቀበት ኮሪደር ሲጠብቅ ከዋለ የሚታየው አቡሽ ሳይሆን የደከመው አቡሽ ነው። በአንድ ቀን ካልተጨረሰ ሌላ ቀን ይጨመር። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ። ለየትኛው ምልክት ታዘዘ? እስከ መቼ ይወስደዋል? ለሃጩና መፍዘዙ ከእሱ ነው ወይ? መጠኑ ይቀነስ ወይ? እነዚህን መጠየቅ መብትሽ ነው። በራሳችሁ ግን በድንገት አታቋርጡት።

ሕክምናም አለው። ለድህረ አደጋ ጭንቀት የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ለእንደ አቡሽ ዓይነት ሰው ተስተካክሎ ይሰጣል። ጊዜው አጠር ይላል፣ ሥዕል ይጨመርበታል፣ የሚያምነው የቤተሰብ ሰው አብሮት ይቀመጣል። እንግሊዝና ሆላንድ ውስጥ ብዙም መናገር ከማይችሉ ሰዎች መካከል እንኳ ለእነሱ በተስተካከለ ሕክምና የተሻላቸው አሉ። «አይገባውም» ካሉሽ ይህን ንገሪያቸው።

እስከዚያው ቤት ውስጥ። ውሃው እሱ በሌለበት ይቀዳ። ጨርቅ በለብታ ውሃ አርጥባችሁ ስጡትና እሱ ራሱ ፊቱን፣ እጁን ይጥረግ። ከተመቸው በኩባያ እግሩ ላይ ራሱ ያፍስስ። ማንም ጭንቅላቱ ላይ አያፍስበት። ይልመደው ብላችሁ ደግሞ ደቻቱ ወስዳችሁ አሸዋውን አታሳዩት። ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ ሲሰቅል አታውርዱበት፤ ይልቅ የማይነቃነቅ ከፍ ያለ አልጋ ብታበጁለት ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም የአቡሽ ፍርሃት ሁሉ ሕመም አይደለም። ደቻቱ ነው የምትኖሩት። ሰማዩ ጠርቶ እያለ ከደጋው ወርዶ የሚመጣ ጎርፍ መሆኑን አንቺ ከእኔ ታውቂያለሽ። ሐምሌ 1998 ላይ ሌሊት መጥቶ በከተማችሁ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ስለዚህ «ጎርፍ አይመጣም» ብለሽ ቃል አትግቢለት። ይልቅ ምን እንደምታደርጉ አሳዪው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ዘመድ አላችሁ? እንግዲያው በደረቅ ቀን፣ ቀስ ብላችሁ፣ መንገዱን አብራችሁ ሂዱ። «ጎርፍ ሲመጣ እዚህ እንመጣለን። አቡሽ፣ እማዬ፣ እኔ።» ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ደግማችሁ ሂዱ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ አጭር አድርገሽ ንገሪው፦ «ዝናብ ነው። ቤት ነን። እኔ አለሁ።» ይህንንም መንገድ ለሐኪሙ ንገሪው። የትኛው ፍርሃት ከሕመም፣ የትኛው ከእውነተኛ አደጋ እንደሆነ መለየት የእሱ ሥራ ነው፤ የምትኖሩበትን ቦታ ሳያውቅ ግን አይችለውም።

ጸበሉን በተመለከተ እናትሽን አትከራከሪያት። እምነቷ እስከዛሬ ያቆማት ነገር ነው። ግን ይህን ልጅ ይዘው ውሃ ቢያፈሱበት የሚሆነውን አስቢው። አስቀድመሽ ካህኑን ለብቻው አነጋግሪ። ጎርፍ ሊወስደው እንደነበር፣ ውሃ ሲነካው እንደሚጮህ ንገሪያቸው። ጸበሉን ቢጠጣ፣ እምነቱን ቢቀባ አይበቃም ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙ አባቶች ይህን ይረዳሉ። መድኃኒቱም በጸበል ምክንያት እንዳይቋረጥ። የቁልቢው ስለት በሐምሌ 19 ከሆነ ዝናቡና ሕዝቡ ይከብደዋል፤ በታኅሣሥ 19 ቢፈጸም ገብርኤል አይቀየምም።

እናትሽ ራሷስ? እህቷን ጎርፍ ወስዶባታል፣ ቃሉን ከቤቷ አስወጥታለች፣ አሁን ደግሞ ልጇን ሊወስድባት ነበር። ቁጣዋ ላይ ያንን ሐዘን አየዋለሁ። አቡሽም ያ ነገር በዚህ ቤት እንደማይነሳ ከእሷ ፊት ተምሮ ይሆናል። ስለ ጎርፉ አትጠይቂያት። ቡና ስታፈሉ «እማዬ፣ ታናሽ እህትሽ ልጅ ሳለች ምን ትመስል ነበር?» በያት። ካልፈለገች ተዪው፤ ሌላ ቀን አለ። ካወራች ግን አታቋርጪያት፣ ምክርም አትስጫት። እሷም እንደ ልጇ ሌሊት የምትባንን፣ ደመና ስታይ ልቧ የሚመታ ከሆነ በዚያው ቀጠሮ እሷም ትታይ። አንቺስ ከነሐሴ ወዲህ ሙሉ ሌሊት ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ሌሊቱን ከአክስትሽ ጋር ብትፈራረቁ ጥሩ ነው።

ቀጠሮውን ሰኔ ሳይጋመስ ለመያዝ ሞክሪ፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ ከቤት ማውጣቱ ራሱ ሌላ ትግል ይሆናል። ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ። በተለይ ስለ ክኒኑና ስለ ልብስ ማውለቁ የሚነግርሽን ማወቅ እፈልጋለሁ።